መጀመሩም መተዉም በሐኪም ይሁን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ዳሩ ግን ዛሬ በዚህ ተረት ላይ አንድ ነገር መጨመር የሚያስፈልግ ይመስለኛል፤ ይኸውም መድኃኒቱን የደበቀ ሰው ሐኪም አይገኝለትም የሚል ነው። ሐኪም ፊት ቀርቦ «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ምንም» ብሎ የሚመልስ፣ ነገር ግን በኪሱ ሁለት ዓይነት ኪኒን ይዞ የሚዞር ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ይህ ልማድ በማናቸውም መድኃኒት ላይ መጥፎ ነው። የሰውነትን የመከላከል ኃይል በሚያለዝቡ መድኃኒቶች ላይ ሲሆን ግን ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል።

ነገሩን ከሰው ቤት ሳይሆን ከራሴ ቤት ልጀምር። አክስቴ ብዙ ዓመት በቁርጥማት የተሠቃዩ ሴት ናቸው። የእጃቸው መገጣጠሚያ እያበጠ ጠዋት ጠዋት የቡና ሲኒ ማንሣት እንኳ ይሳናቸው ነበር። ሐኪም ከመረመራቸው በኋላ ከሌላው መድኃኒት ጋራ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ማለት ባለ 5 ሚሊ ግራሙን ሁለት ሁለት ፍሬ እንዲወስዱ አዘዘላቸው። ሳምንት ሳይሞላ እጃቸው ተፈታ። ከስድስት ወር በኋላ፣ በጥር ወር 2010 ዓ.ም.፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ባለ አንድ ገጠር የዘመድ ሠርግ ነበርና ለአራት ቀን የሚበቃ ኪኒን በመቀነታቸው ቋጥረው ሄዱ። ሠርግ እንደሚታወቀው በአራት ቀን አያልቅም፤ ቅልቅሉ፣ መልሱ፣ የዘመድ ጥየቃው እያለ አሥር ቀን ሆነ። ኪኒኑም አለቀ። እርሳቸውም «እኔ እንደሆንሁ ድኛለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ብለው ተዉት።

ኪኒኑ ካለቀ በአምስተኛው ቀን ጉልበታቸው ከዳቸው። የበሉት አልረጋ አለ፤ ከተቀመጡበት ሲነሡ ዓይናቸው ይጨልም ጀመር። ከዘመዱ ከፊሉ «የሠርግ ድካም ነው» አለ፤ ከፊሉም «ምች መትቷቸዋል» ብሎ ዳማከሴ ጨመቀላቸው። በማግሥቱ ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። በዚያ ያገኙት አንዲት ወጣት ነርስ ነበረች። እግዚአብሔር ይስጣትና መርፌ ለማንሣት አልቸኮለችም፤ አስቀድማ ጠየቀች። «እማማ ምን መድኃኒት ይወስዱ ነበር?» ብትል እርሳቸው መልስ መስጠት አቃታቸው፤ አብረው የመጡትም አያውቁም። ሴቶቹ ልብሳቸውን ለማላላት መቀነታቸውን ሲፈቱ ግን ባዶው የኪኒን ማሸጊያ ወደቀ። ልጅቱ ስሙን አነበበችና ነገሩ ወዲያው ገባት። ሃይድሮኮርቲዞን የሚባለውን መርፌና በደም ሥር የሚገባውን ፈሳሽ ሰጥታ ወደ ሆስፒታል ላከቻቸው። ተረፉም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የአክስቴ ነው ብል ሐሰተኛ እሆናለሁ። ኪኒኑን ከመድኃኒት ቤት የምገዛላቸው እኔ ነበርሁ። በካርቶኑ ውስጥ ያለውን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ዘርግቼ ያየሁትም እኔው ነኝ። በድንገት እንዳይቋረጥ የሚያስጠነቅቀውን ቃል አንብቤዋለሁ። አንብቤም ወረቀቱን አጣጥፌ ጣልሁት እንጂ ለእርሳቸው አልነገርኋቸውም። ወደ ሠርጉ ሲሄዱም ኪኒኑን አልቈጠርሁላቸውም። እርሳቸው እንግሊዝኛ አያነቡም፤ እኔ ግን ተምሬአለሁ ባይ ነኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዛሬ ይህን ሁሉ የምጽፈው ያን ጊዜ ሁለት ቃል ባለመናገሬ ነው።

አሁን ስለ መድኃኒቱ ጠባይ ጥቂት እንመልከት። በያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥ ከውጭ የሚገባውን የበሽታ ተሕዋስ የሚከላከል ዘበኛ አለ። ይህ ዘበኛ ባይኖር አንዲት ትንሽ ቁስል ትገድለን ነበር። አንዳንድ ጊዜ ግን ዘበኛው ይሳሳትና ሌባውን ትቶ ባለቤቱን ይደበድባል። የአክስቴ ዓይነት የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ሉፐስ የሚባለው በሽታ፣ እንዲሁም አንዳንድ የኩላሊትና የአንጀት ሕመሞች የሚመጡት ከዚህ ነው። የሌላ ሰው ኩላሊት በተተከለለትም ሰው ላይ እንደዚሁ ነው፤ ዘበኛው አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይነሣበታል። እንግዲህ ይህን ዘበኛ ለማለዘብ የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ። ፕሬድኒሶሎን፣ አዛቲዮፕሪን፣ ሜቶትሬክሴት፣ ሳይክሎስፖሪን፣ ታክሮሊመስ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። መዘንጋት የሌለበት ነገር ግን ዘበኛው የሚለዝበው በተሳሳተበት በኩል ብቻ ሳይሆን በትክክል በሚጠብቅበትም በኩል መሆኑ ነው።

የእነዚህ መድኃኒቶች ታሪክ ራሱ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በመስከረም ወር፣ በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ በሚገኘው ሜዮ ክሊኒክ፣ ፊሊፕ ሄንች የተባለ ሐኪም የሥራ ባልደረባው ኤድዋርድ ኬንዳል ያጠናውን ኮርቲዞን የሚባል ንጥረ ነገር በቁርጥማት ለተያዘች አንዲት ወጣት ሴት ሰጠ። መንቀሳቀስ ተስኗት የነበረችው ሴት በጥቂት ቀን ውስጥ በእግሯ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1950 ሁለቱ ሰዎች ከስዊስ አገሩ ሊቅ ከታዴዎስ ራይክሽታይን ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዓለም ሁሉ ተአምር ተገኘ አለ። ዳሩ ግን ብዙ ሳይቆይ የተአምሩ ዋጋ ታወቀ። የሕመምተኞቹ ፊት እንደ ሙሉ ጨረቃ ያብጥ፣ አጥንታቸው ይሳሳ፣ መድኃኒቱም ሲቆም በሽታው ተመልሶ ይነሣ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች የተማሩት ነገር ቢኖር መድኃኒቱን መጣል ሳይሆን መመጠንን ነው።

መመጠን ብቻም አይደለም፤ ለማን እንደሚሰጥ መለየትም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በእንግሊዝ አገር የተደረገው ሪከቨሪ የተባለው ታላቅ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። የፕሬድኒሶሎን ዘመድ የሆነው ዴክሳሜታዞን ኦክሲጅን ላስፈለጋቸው ሕሙማን ሕይወት አዳኝ ሆነ። በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት መካከል የሟቾቹን ቍጥር በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀነሰ። ኦክሲጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አላሳየም። መድኃኒቱ አንድ፣ በሽታውም አንድ ሆኖ ሳለ ለአንዱ ትድግና ለሌላው ከንቱ የሆነው የሰዎቹ ሁኔታ ስለተለያየ ነው። «ለጎረቤቴ በጅቶታልና ለእኔም ይበጀኛል» የሚል ሰው ይህን ያስብ።

በድንገት መተዉ የሚጎዳበትም ምክንያት የታወቀ ነው። ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን በላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ተቀምጠዋል። ከሥራቸው አንዱ ኮርቲሶል የሚባለውን ንጥረ ነገር ማመንጨት ሲሆን፣ ያለ እርሱ ሰውነት የደሙን ግፊትና የደሙን ስኳር ጠብቆ ጭንቅን መቋቋም አይችልም። ፕሬድኒሶሎን የዚህ የኮርቲሶል አምሳያ ነው። ኪኒኑ በየቀኑ ከውጭ ሲገባላቸው ዕጢዎቹ ምትክ እንደ ተቀጠረለት ሠራተኛ ሥራቸውን ትተው ይተኛሉ። መድኃኒቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ከተወሰደ በኋላ ባንድ ቀን ቢቋረጥ ምትኩ ሄዷል፣ ባለሥራውም አልነቃም። አክስቴን የጣላቸው ይህ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚያስተወው ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ፣ ዕጢዎቹን እየቀሰቀሰ ነው። ይህም እንደ ሰውየው ሁኔታ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይወስዳል። በዚህ መካከል ብርቱ ትኩሳት፣ አደጋ ወይም ቀዶ ሕክምና ያጋጠመው ሰው ከተለመደው የበለጠ መጠን ሊያስፈልገው ይችላልና መድኃኒቱን መውሰዱን ሳይጠየቅ አስቀድሞ መናገር አለበት። በመታወቂያው ጀርባ የመድኃኒቱን ስም ጽፎ የሚይዝ ሰው ብልህ ነው።

ሁለተኛው ነገር የዘበኛው መለዘብ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ በሰውነቱ ይዞ ይኖራል። አብዛኛው ሰው ግን ዘበኛው ስለሚጠብቀው አይታመምም። ዘበኛው ሲለዝብ የተኛው ነቀርሳ ሊነሣ ይችላል። በባዶ እግሩ ከአፈር ጋራ ሲታገል ያደገ ሰው ደግሞ ስትሮንጂሎይድስ የሚባለውን ትንሽ ትል ሳያውቀው ለብዙ ዓመት ሊሸከም ይችላል። ይህም ትል ፕሬድኒሶሎን በተወሰደ ጊዜ በሰውነት ውስጥ ተባዝቶ ለሞት የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒቱን ከማዘዙ በፊት «ሳል ነበረብህ ወይ? በቤትህ የሳንባ ሕመምተኛ አለ ወይ? የት አደግህ?» ብሎ ቢጠይቅ ነገር ማብዛቱ አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መድኃኒቱ ትኩሳትን የሚሸፍን መሆኑ ነው። የሚወስደው ሰው ሰውነቱ ሳይግል በብርቱ ሊታመም ይችላልና «ትኩሳት የለኝም» ብሎ መዘናጋት አይገባውም።

እንግዲህ እንዴት ይወሰድ? ፕሬድኒሶሎን በብዛት የሚታዘዘው ጠዋት፣ ከምግብ ጋራ ነው። ማታ የወሰደው እንደሆነ እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል። ከዲክሎፌናክ፣ ከአይቡፕሮፌን ወይም ከአስፕሪን ጋራ ሲደረብ ጨጓራን ሊያቈስልና ሊያደማ ይችላልና «ራሴን አመመኝ» ብሎ ከሱቅ ኪኒን ገዝቶ መጨመር አይገባም። የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ በየጊዜው መለካት ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ስለ አጥንቱና ስለ ዓይኑም ሐኪሙን ይጠይቅ። የሚጾም ሰው ደግሞ በራሱ ሐሳብ ሰዓት ከማዛወር ወይም ከማቋረጥ ይልቅ ሐኪሙንም፣ የነፍስ አባቱን ወይም ሼኩንም ያማክር።

ሌሎቹም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ሜቶትሬክሴት ለቁርጥማት የሚታዘዘው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ተሳስተው በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች በመርዙ ሕይወታቸውን ያጡበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ቀኑ፣ ሰኞ ከሆነ ሰኞ ተብሎ፣ በማሸጊያው ላይ በአማርኛ መጻፍ አለበት። ይኸው መድኃኒት ፅንስን ስለሚጎዳ ለመውለድ የምታስብ ሴትም ሆነች ባሏ አስቀድመው ለሐኪሙ መናገር አለባቸው። ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ በሚሰጠው በሪፋምፒሲን ምክንያት በደም ውስጥ ስለሚያንሱ ሁለቱን ሐኪሞች ማገናኘት የሕመምተኛው ፈንታ ይሆናል። ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድም ወጣት የቢጫ ወባ ክትባት ከመከተቡ በፊት የሚወስደውን ይናገር። ይህ ክትባት ሕያው ተሕዋስ ያለበት ነውና እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ሊከለከል ይችላል።

አንድ ትንሽ የምትመስል፣ ነገር ግን የብዙ ሰው ስሕተት የሆነች ነገር ልጨምር። በውጭ አገር ወረቀት ላይ «ጠዋት 8 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የማብቂያ ጊዜም በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ዓመቱን እንደ እኛ ዓመት የቆጠረ ሰው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ገና ብዙ ዓመት የቀረው ያስመስለዋል። ይህን የሚያርም ከቤተሰቡ መካከል ፊደልና የውጭ ቋንቋ የቆጠረው ልጅ ካልሆነ ማን ነው?

በዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆቼ እንዲህ ሲሉ እሰማለሁ። «ሐኪም ዘንድ መሰለፍ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ገንዘብም ያስወጣል። አምና ያዳነኝን መድኃኒት ዘንድሮ እኔው ብገዛው ምን አለበት?» ይላሉ። የሰልፉንና የገንዘቡን ችግር አልክድም፤ እኔም ተሰልፌ አውቃለሁ። ነገር ግን አምና ያሳለህ ብርድ ሆኖ ዘንድሮ የሚያስልህ ነቀርሳ ቢሆንስ? ፕሬድኒሶሎን ሳሉን ለጊዜው አስታግሦ በሽታውን ያበረታብሃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ማዘዣ ሳይጠይቅ የሚሸጥ መድኃኒት ቤትም ቢገኝ ሻጩ ውለታ የዋለልህ አይምሰልህ።

ሌሎች ደግሞ ይህን ሁሉ ሰምተው «እንግዲያስ ይህን የመሰለ መድኃኒት ባይነካ ይሻላል» ይሉ ይሆናል። ይህም ስሕተት ነው፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው የማይተናነስ ስሕተት ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ፣ እናት ወይም ወንድም በሰጠው ኩላሊት የሚኖሩ ወገኖች በመካከላችን አሉ። እነዚህ ሰዎች መድኃኒታቸውን ፈርተው ቢተዉ ያ የዘመድ ስጦታ በሰውነታቸው ውስጥ ይበላሻል። አክስቴም ዛሬ በራሳቸው እጅ ቡና ቀድተው የሚያጠጡኝ በመድኃኒት ነው። እንግዲህ የሚያስፈልገው መድፈርም መፍራትም ሳይሆን መጠንቀቅ ነው።

ስለ መሥሪያ ቤትም አንድ ቃል ሳልናገር አላልፍም። አንድ የሥራ ጓደኛችን በየወሩ ለደም ምርመራ ግማሽ ቀን ፈቃድ ቢጠይቅ «ይህ ሰው ሁልጊዜ ሆስፒታል ነው» ብለን እናሽሟጥጣለን። ያ ግማሽ ቀን ግን የመድኃኒቱ ክፍል ነው። የጉበትንና የኩላሊትን ሁኔታ፣ የደም ሕዋሳትንም ቍጥር ሳያዩ እንደ ሜቶትሬክሴትና አዛቲዮፕሪን ያሉትን መድኃኒቶች መቀጠል ዓይንን ጨፍኖ መኪና እንደ መንዳት ይቆጠራል። ስለዚህ ፈቃድ የሚፈርም ወጣት ሹም ይህን አውቆ ይፈርም። ጕንፋን የያዘውም ሰው ከእንዲህ ዓይነቱ ጓደኛው አጠገብ ተቀምጦ ከማሳል ጥቂት ፈቀቅ ቢል ጨዋነት ነው።

የተማርህ ወጣት ሆይ! ምናልባት አንተ ራስህ ጤነኛ ነህ፤ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተኝ አይደለም ብለህ ይሆናል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ የመድኃኒት ወረቀት የሚያነብ አንድ ሰው አለ፤ በአንተ ቤት ያ ሰው አንተ ሳትሆን አትቀርም። ወደ እናትህ፣ ወደ አባትህ፣ ወደ አክስትህ ስትሄድ የሚወስዱትን መድኃኒት አምጡ በላቸው። ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን በአማርኛ በትልቁ ጽፈህ በሚያዩት ቦታ ለጥፍላቸው። ፍሬውን ቍጠር፤ መንገድ የሚሄዱ እንደሆነ ከሚቆዩበት ቀን ይልቅ ትርፍ አስይዛቸው። ሊተዉት ያሰቡ እንደሆነ ከሐኪሙ ሳይነጋገሩ እንዳይተዉት ለምናቸው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም።

እኔ ያን አንድ ሰዓት ሳልሰጥ ቀርቼ የአክስቴ ሕይወት በመቀነታቸው ውስጥ በቀረ አንድ ባዶ ማሸጊያና በአንዲት ጠያቂ ነርስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና፣ የእናንተ እንዲህ እስኪሆን አትጠብቁ።